ማንበብን ማስተማር የሁሉም መምህር ሥራ ይሁን፦ ለአማራ ክልል ትምህርት ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ትምህርት ቢሮ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦ ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ትምህርት ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የማንበብ ችሎታ በየትምህርት ዓይነቱ መምህራን ሥልጠና ስለማሻሻል

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

በባሕር ዳር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ጉዳዩ የአንድ ትምህርት ቤት ወይም የአንድ ኃላፊ ጉድለት ስላልሆነና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምር መምህር ሁሉ፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የላከ ወላጅም ጭምር ሊነጋገርበት የሚገባ ስለሆነ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ተማሪው የመማሪያ መጽሐፉን አንብቦ እንዲረዳ ማድረግ እስከ ዛሬ ለእንግሊዝኛና ለአማርኛ መምህራን ብቻ የተተወ ሥራ ሆኖ ቆይቷል፤ ከእንግዲህ የፊዚክሱም፣ የታሪኩም፣ የሒሳቡም መምህር በየራሱ ትምህርት ውስጥ የሚያስተምረው ነገር እንዲሆን፣ ለዚህም የሚያበቃ ሥልጠና በየትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ብዙ አነጋግሯል። በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና የተዘጉት ትምህርት ቤቶች፣ ቀጥሎ የመጣው ጦርነት፣ ከዚያም በክልላችን የተከተለው ግጭት ስንቱን ተማሪ ከመማሪያ ክፍል እንዳራቀ እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። ይሁንና ስለ ውጤቱ በተደረጉት ውይይቶች ውስጥ እምብዛም ሲነሣ ያልሰማሁት ነገር አለ፤ ፈተናው የባዮሎጂም ይሁን የጂኦግራፊ፣ ከሁሉ በፊት የንባብ ፈተና መሆኑ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይቀርባል፤ ተማሪው ያነባል፤ የተጠየቀውን ካልተረዳ ትምህርቱን ቢያውቀውም ባያውቀውም የሚያጠቁረው ፊደል በዕድል የተመረጠ ይሆናል።

ችግሩ የሚጀምረው ከታች ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ያ ውጤት ብዙዎችን አስደንግጦ በአፍ መፍቻ ቋንቋ አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት እንዲዘጋጁና የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን እንዲሠለጥኑ ምክንያት ሆኗል። ሥራው ግን በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ቆመ። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ ማንበብ ይችላል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ 9ኛ ክፍል ሲገባ ማንም ሰው ማንበብን አያስተምረውም፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ከአዊ መጥቶ በአውኛ የጀመረው ልጅ ከሆነማ እንግሊዝኛው ሦስተኛ ቋንቋው ነው።

በዚህ መካከል በክፍል ውስጥ የሚሆነውን በዝርዝር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሥልጠናው ሊለውጠው የሚገባው ይህንኑ ልማድ ነው። መምህሩ ይገባና ርእሱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ የምዕራፉን ፍሬ ነገር በአጭሩ ያሰፍራል፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ከዚያም መምህሩ የጻፈውን በአማርኛ ያብራራል። ፈተና ሲቃረብ ተማሪው የሚሸመድደው ያንኑ ኖት ነው፤ መጽሐፉ፣ ከተገኘ፣ ሳይገለጥ ይከርማል። መምህሩ ይህን የሚያደርገው ከስንፍና አይደለም። ተማሪው ብቻውን አንብቦ እንደማይረዳ ስለሚያውቅ አዝኖለት ያነብለታል፣ ያሳጥርለታል፣ ይተረጉምለታል። ነገር ግን በንባብ ውስጥ ያለውን ከባድ ሥራ ሁሉ፣ ማለትም ዋናውን ከዝርዝሩ መለየትን፣ ያልገባን ዓረፍተ ነገር ተመልሶ ማየትን፣ የተነገረውን በራስ ቃል መጠቅለልን መምህሩ ስለሚወስድበት፣ ተማሪው በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በራሱ ሳያነብ 12ኛ ክፍልን ሊጨርስ ይችላል። ከዚያ ፈተናው ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ዩኒቨርሲቲ ቢገባም የሚጠብቀው ኖት የሚሰጥ መምህር ሳይሆን ገጹ የበዛ መጽሐፍ ነው።

ሥልጠና ሲባል በቅድሚያ መምህሩ ሁለት ዓይነት ተማሪዎችን መለየት እንዲችል ማድረግ ነው። አንደኛው ፊደሉን ከቃሉ ጋር ገና በቅጡ ያላዋሐደ፣ እየቆጠረ የሚያነብ ነው። ሁለተኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሳይደናቀፍ ያነብና ምን አነበብህ ሲሉት ዝም የሚል ነው። በ1986 (እ.ኤ.አ.) ጎፍና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች ያቀረቡት በሰፊው የታወቀ አስተያየት እንደሚለው፣ አንብቦ መረዳት ጽሑፉን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታና ቋንቋውን የመረዳት ችሎታ ብዜት ነው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በጣና ዳርቻና በደሴቶቹ ገዳማት፣ በዘጌም ይሁን በደቅ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ንባብን በግእዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ደረጃ አድርጎ ሲያስተምር ኖሯል፤ ዳዊት የደገመውን ልጅ ግን መጻሕፍቱን ተረድቷል ብሎ አያሰናብተውም። ትርጓሜ ራሱን የቻለ ጉባኤ፣ ራሱን የቻለ መምህር አለው፤ መምህሩ አንዱን ኃይለ ቃል ይዞ «አንድም» እያለ ሲያመላልሰው ደቀ መዝሙሩ አጠገቡ ተቀምጦ አሠራሩን ያያል። የዘመናዊው ትምህርት ቤታችን የጎደለው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው፤ ባዮሎጂውን እንዴት እንደሚያነቡት አጠገቡ ተቀምጦ የሚያሳይ ሰው የለም።

ለምን የእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ አይበቃም? ተማሪው አብዛኛውን ጽሑፍ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሳይሆን በሌሎቹ ትምህርቶች ስለሆነ፣ ከዚያም በላይ እያንዳንዱ ትምህርት የራሱ አነባበብ ስላለው ነው። የሒሳቡን ውሰዱ። በአማርኛ «ከኤክስ በ5 የሚያንስ ቁጥር» ብንለው ተማሪው ኤክስ ሲቀነስ 5 ብሎ ይጽፋል፤ አይሳሳትም። በእንግሊዝኛ «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤክስ» ተብሎ ሲመጣ ግን ቃላቱ በተደረደሩበት ቅደም ተከተል 5 ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ያሰፍራል። «አት ሊስት» የሚለውን ሲያይም «ሊስት» ትንሽነትን የሚያመለክት ስለሚመስለው «ከዚህ አይበልጥም» የሚል ምልክት ያደርጋል፤ የተባለው ግን ተቃራኒው ነው። መምህሩ ወረቀቱን ሲያርም ሒሳብ አያውቅም ይላል። ልጁ ሒሳቡን ያውቀዋል፤ ያላነበበው ዓረፍተ ነገሩን ነው፤ ይህን ሊያሳየው የሚችለውም የሒሳብ መምህሩ እንጂ የእንግሊዝኛው አይደለም፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በትምህርቱ ላይገጥመው ይችላል።

ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ሳም ዋይንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1991 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት የታሪክ ምሁራንንና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አንድ ዓይነት ሰነዶች አስነብቦ ነበር። ምሁራኑ ወደ ይዘቱ ከመግባታቸው በፊት ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን ብለው ሲጠይቁ፣ ተማሪዎቹ ሰነዱን ሁሉ እንደ መማሪያ መጽሐፍ የተረጋገጠ እውነት አድርገው አነበቡት። ለዚህ የሚሆን ጽሑፍ ከእኛ አካባቢ ሩቅ አይደለም። ስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 (እ.ኤ.አ.) ግሽ ዓባይን አይቶ ጽፏል፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ደርሶ፣ ከእርሱ በፊት የደረሰ አውሮፓዊ እንደሌለ ለማሳመን የፓኤዝን ምስክርነት ሊያጣጥል ሞክሯል። ከሁለቱ አንዳንድ አንቀጽ በአንድ ገጽ ላይ አቅርቦ፣ ብሩስ ይህን ለማለት ምን ምክንያት ነበረው ብሎ መጠየቅ ተማሪውን ያነቃዋል። ምንጩ አጠገብ ለዘመናት የኖረው የሰከላ ገበሬ በሁለቱም ዘንድ «አግኚ» ተብሎ አለመቆጠሩን ተማሪው ራሱ ቢያነሣውም አይደንቀኝም።

በእኔ ትምህርት የሚያስቸግረው የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። የሳይንስ እንግሊዝኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር በግሥ የተናገረውን ሂደት በሚቀጥለው ስም አድርጎ ያመጣዋል። እምቦጭ በውኃ ላይ በፍጥነት ይራባል ካለ በኋላ፣ ቀጥሎ «መራባቱ የብርሃንን ወደ ታች መውረድ ይገታል»፣ ከዚያም «የብርሃን እጥረቱ በውኃ ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅን ይቀንሳል» እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ስም ከበላዩ ያለውን ዓረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ልማዱ የሌለው ተማሪ ሦስት የማይገናኙ ነገሮች ያነበበ ይመስለዋል፤ ስለዚህ በጣና ዓሣ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ይገለብጣል። መምህሩ ገጹን ይዞ «ይህ ቃል ከላይ የትኛውን ነገር ነው የያዘው?» እያለ ቀስት በቀስት እንዲያገናኙ ቢያደርግ፣ ከዚያም ዓይናቸውን ከጽሑፉ ወደ ሥዕሉ፣ ከሥዕሉ ወደ ጽሑፉ እንዲመልሱ ቢያለማምዳቸው፣ ይህ የባዮሎጂ ትምህርት ነው፤ ከባዮሎጂ ጊዜ የተሰረቀ የቋንቋ ትምህርት አይደለም።

የቃላትም ነገር አለ። ሁ እና ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ አንባቢ አንድን ጽሑፍ ያለ እገዛ በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃላት 98 ያህሉን ማወቅ እንዳለበት አመልክተዋል። የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ከዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ማንኛውም መምህር አንድ ገጽ አስነብቦ የማያውቋቸውን ቃላት ቢያሰምርባቸው ያየዋል። ስለዚህ መምህሩ ንባቡ ከመጀመሩ በፊት ያለ እነርሱ ምንባቡ የማይገባባቸውን አምስትና ስድስት ቃላት መርጦ ማስተማርን፣ የቀሩትን ደግሞ ተማሪው ከአገባባቸው እንዲገምት መተውን ሊሠለጥን ይገባል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ይህ ለእኛ አገር የቅንጦት ነገር ነው ይሉኛል። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻዋ በሆነችው በብሪታንያ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ሪፖርት፣ ቋንቋና ንባብ የሁሉም ትምህርት መምህራን ኃላፊነት እንዲሆንና እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለዚህ የተደራጀ አሠራር እንዲኖረው ጠይቋል። በገዛ ቋንቋው ለሚማር ልጅ ይህ ካስፈለገ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ቋንቋ ለሚማረው የእኛ ልጅ እንዴት ትርፍ ነገር ይሆናል?

አሁን ወደ ሥልጠናው ዓይነት ልምጣ። ከየወረዳው ሁለት ሁለት መምህር ባሕር ዳር ጠርቶ፣ በሆቴል አዳራሽ ለሦስት ቀን ስላይድ አሳይቶ፣ አበል ከፍሎ መሸኘትን አልጠይቅም። እንዲህ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከዘጌ ወይም ከሐሙሲት የመጣው መምህር ሲመለስ የሚይዘው ቦርሳና ሞጁል ነው። ከማዕከል ተዘጋጅቶ መምህሩን አልፎ የሚሄድ ነገር እንደማይዘልቅም በ1990ዎቹ ማብቂያ በፕላዝማ፣ ማለትም ከማዕከል በቴሌቪዥን ይተላለፍ በነበረው ትምህርት አይተነዋል። የሚያስፈልገው በትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ በየትምህርት ክፍሉ፣ መምህራኑ በሚቀጥለው ሳምንት በሚያስተምሩት ገጽ ላይ የሚካሄድ ሥልጠና ነው። ለዚህ አዲስ መዋቅር አይጠይቅም። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ ማለትም ተሙማ፣ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይመድባል። ይህ ሰዓት በብዙ ቦታ ፋይል ለማደራጀትና ቅጽ ለመሙላት እንደሚያልቅ መደበቅ አያስፈልግም። ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓቱ ለሁለት ዓመት ለንባብ ቢሰጥ፣ የፊዚክስ መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አንድ ገጽ አብረው ያነባሉ፤ ተማሪ የት ላይ እንደሚሰናከል ያመለክታሉ፤ ጥያቄዎቹን ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ገብቶ ያያል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ የተሳካውንና ያልተሳካውን ይነጋገራሉ። በዚህ ውስጥ መምህሩ ራሱ እንግሊዝኛውን ያሻሽላል፤ ይህም ማንም ሰው «እንግሊዝኛ አትችልም» ብሎ ሳያሳፍረው የሚሆን ነው።

ምን ዓይነት ዘዴ ይሠልጥኑ ለሚለው፣ ፓሊንክሳርና ብራውን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1984 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ለእኛ ክፍል ይስማማል እላለሁ። እነርሱ የሠሩት በትክክል ከላይ ሁለተኛ ባልኳቸው ተማሪዎች፣ ቃሉን እያነበቡ ሐሳቡ በማይገባቸው የ7ኛ ክፍል ልጆች ላይ ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ሆነው አንድ አንቀጽ ያነቡና ተራ በተራ እንደ መምህር እየሆኑ ሐሳቡን ይጠቀልላሉ፣ ጥያቄ ያወጣሉ፣ ያልገባውን ያጠራሉ፣ ቀጥሎ ምን ሊመጣ እንደሚችል ይተነብያሉ። መጀመሪያ መምህሩ ያሳያል፤ ቀስ በቀስ ሥራውን ለእነርሱ ይለቃል። ቡድን ለማደራጀት እንኳን አንቸገርም፤ ተማሪዎችን በአነስተኛ ቡድን የማደራጀት የ1 ለ 5 ልማድ አለ፤ ስሙ ለብዙዎቻችን መልካም ትዝታ ባይኖረውም አምስት ልጅ በአንድ ገጽ ዙሪያ ለማስቀመጥ ግን ይረዳል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። ምዕራፍ አይሸፈንም ለሚለው መልሴ፣ ተማሪው ያልተረዳው ምዕራፍ የተሸፈነው በመምህሩ ዓመታዊ ዕቅድ ላይ ብቻ ነው የሚል ነው፤ ለመጀመሪያው መንፈቅ ከ40 ደቂቃው 10 ደቂቃ ለንባብ ቢውል በቂ ነው። የክፍሉ ተማሪ ብዛት በመመሪያ ከተቀመጠው 40 እጅግ ያልፋል፤ እውነት ነው፣ ሥራውን ያከብደዋል፣ ኖት ማስገልበጥን ግን የተሻለ አያደርገውም። የመጽሐፍ እጥረቱ ከሁሉም የበረታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍቱ በበቂ ቁጥር ሳይደርሱት ዓመታት ስላለፉ፣ ስልክ ያለው ፒዲኤፍ ጭኖ ያነባል፣ የሌለው ይቀራል። መጽሐፍ ለእያንዳንዱ እስኪደርስ ድረስ ለሁለት ተማሪ አንድ የተባዛ ገጽ ሥራውን ያስጀምራል፤ ለዚህ የሚሆን ወረቀትና ቀለም ግን ከመምህሩ ኪስ መውጣት የለበትም።

የአማርኛን ጉዳይ በተለይ ቢሮው በግልጽ እንዲናገርበት እለምናለሁ። ማስተማሪያው በደንቡ እንግሊዝኛ ነው፤ በተግባር ሁላችንም በአማርኛ እናብራራለን፤ በሪፖርት አንጽፈውም። ተማሪው እንግሊዝኛውን ገጽ አንብቦ ስለ ሐሳቡ በአማርኛ ቢከራከር፣ ከዚያም መልሱን በእንግሊዝኛ ቢጽፍ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ያነበበውን መረዳቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። የሚጎዳው አማርኛው ንባቡን ሲተካው ነው። ይህን የሚለይ መመሪያ ቢወጣ፣ ሱፐርቫይዘር ሲገባ ቋንቋ የሚቀይረው መምህር ከጭንቀቱ ይገላገላል።

ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምለው አጭር ነው። የዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ስሙን ያገኘው ከፔዳጎጂ አካዳሚ ነው፤ ለዚህ ሥራ ከእርሱ የቀረበ ቦታ የለም። በድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማው ውስጥ በየትምህርቱ የሚሰጠው የማስተማር ዘዴ ኮርስ የዚያን ትምህርት አነባበብ እንዲጨምር፣ ዕጩ መምህሩም ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን ሲመጣ ከሚያቀርባቸው የትምህርት ዕቅዶች ጥቂቱ ተማሪዎች የሚያነቡት ምንባብ እንዲኖራቸው እጠይቃለሁ። የክረምት ትምህርታቸውን የሚከታተሉ ነባር መምህራንም የምርምር ሥራቸውን በዚህ ላይ ቢያደርጉ ከመደርደሪያ የሚተርፍ ነገር ይገኛል።

ከቢሮው የምጠብቀው በመላው ክልል በአንድ ጊዜ እንዲታወጅ አይደለም። በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ ካሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፈቃደኛ የሆኑ ጥቂቶች ለአንድ ዓመት ይጀምሩት። በመስከረም የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች በአማርኛና በእንግሊዝኛ አጭር ምንባብ ጮክ ብለው አንብበው ያነበቡትን እንዲናገሩ ይደረግ፤ በሰኔ ይደገም፤ ካልጀመሩት ትምህርት ቤቶች ጋር ይነጻጸርና ውጤቱ መልካምም ሆነ መጥፎ ለሕዝብ ይነገር። የእንግሊዝኛና የአማርኛ መምህራን ሌሎቹን የትምህርት ክፍሎች ያግዙ፤ ሥራው ግን ተመልሶ በእነርሱ ላይ እንዳይወድቅ ርእሰ መምህሩ ይጠብቅ። እንዲሁም የክፍል ምልከታ በሚደረግበት ቅጽ ላይ አንዲት ጥያቄ ትጨመር፦ በዚህ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ራሳቸው ለስንት ደቂቃ አነበቡ? የትምህርት መርጃ መሣሪያ መኖሩን የሚጠይቅ ቅጽ ይህን የማይጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የትምህርት ቤቶች ዓመታዊ የተሙማ ዕቅድ የሚዘጋጀው በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ቢሮው በዚህ ላይ ያለውን አስተያየት ከዚያ አስቀድሞ ቢያሳውቅ በሚቀጥለው ዓመት ለመጀመር ጊዜ ይኖረናል። ለ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ የሚሆኑ ምንባቦችንና ጥያቄዎችን ለማዘጋጀት፣ ለሌሎች ትምህርት ቤቶችም በነጻ ለማካፈል ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በባሕር ዳር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር